ሲሻር የሚበላ ሹም

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያሉት አባቶቻችን፣ ሹም ከተሾመበት ዘመን ይልቅ በተሻረበት ዘመን አብልጦ የሚበላበት አገር ሊኖር ይችላል ብለው ባለማሰባቸው ሊወቀሱ አይገባም። እነርሱ የሚያውቁት ሹም ሲሻር በቅሎው ይወሰድበታል፣ አጃቢው ይበተናል፣ ትናንት ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣው የነበረ ሁሉ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘው አጥር አጥሩን እያየ ያልፋል። የአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል አሰልጣኝም በተሻረ ማግስት አጃቢው መበተኑና ሰው ፊቱን ማዞሩ አልቀረለትም፤ በቅሎዋ ግን ከነኮርቻዋ እርሱ ዘንድ ትቀራለች፣ ቀለቧንም እስከ ውሉ ፍጻሜ ድረስ የሻረው ክፍል ይችላል። በቅሎ አትወልድም እንጂ ብትወልድ ኖሮ፣ የአሰልጣኙ ጠበቃ ግልገሏንም ውሉ ውስጥ ባስገባላት ነበር።

ፉትቦል ስል፣ ሞላላውን ኳስ ታቅፈው ሲሮጡ የራስ ቁር ያጠለቁ ጎረምሶች እንደ ግድግዳ የሚወድቁባቸውን የአሜሪካውያኑን ጨዋታ ማለቴ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱንም እንደ እነርሱ እቆጥራለሁ። ጨዋታው በነሐሴ መጨረሻ ይጀመራል፤ እያንዳንዱ ቡድን በመደበኛው ውድድር 12 ጊዜ ብቻ ይጫወታል። አንድ ሰው የዓመት ሥራው በ12 ቅዳሜዎች ተመዝኖ፣ ያውም እያንዳንዱ ቅዳሜ አንዳንዴ ከመቶ ሺህ በላይ በሚሆን ሕዝብ ፊት ተመርምሮ የሚፈረድበት እንጀራ ከዚህ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

የዚህን ሹም ሽር ጣዕም ለማወቅ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲን ታሪክ ማየት ይበቃል። ዩኒቨርሲቲው የብሔራዊ ሻምፒዮንነት ክብር ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘው በ1939 ስለሆነ፣ ደጋፊው ዋንጫ የሚጠብቀው አያቱ ያወረሱትን የርስት ክርክር በሚከታተል ሰው ትዕግሥት ነው። በ2017 መጨረሻ ላይ ግን ትዕግሥቱ አለቀና፣ ቀደም ሲል ፍሎሪዳ ስቴትን ለሻምፒዮንነት ያበቃውን ጂምቦ ፊሸርን በ10 ዓመትና በ75 ሚሊዮን ዶላር ውል አስኮበለሉት። የዩኒቨርሲቲው ሥርዓት ቻንስለርም ለአዲሱ አሰልጣኝ የብሔራዊ ሻምፒዮንነት መታሰቢያ ሰሌዳ አሠርተው አበረከቱለት፤ በሰሌዳው ላይ ሁሉም ነገር ተጽፎ አልቆ፣ የቀረው ዓመቱ ብቻ ነበር። ከ20 ቀጥሎ ያለውን ባዶ ቦታ አሰልጣኙ ሲያሸንፍ ይሞላዋል ማለት ነው። ሙሽራዋ ሳትገኝ የልጁን ክርስትና ድግስ መጥመቅ ብዬ ልለፈው።

ፊሸር በ2020 ዘጠኝ ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሸነፍ፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ እንዳይነጥቀን ብለው ገና ብዙ ዓመት የቀረውን ውል እስከ 2031 አራዘሙለት፤ ደመወዙንም ከፍ አደረጉ። ያስፈራራ ተፎካካሪ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ በእንዲህ ያለ ሰዓት እንደ ንፍገት ይቆጠራል። በ2022 አምስት አሸንፎ ሰባት ተሸነፈ። ኅዳር 2023 ላይ ቡድኑ ሚሲሲፒ ስቴትን 51 ለ 10 ቀጥቅጦ ገባ፤ በማግስቱ እሑድ አሰልጣኙ ተሰናበተ። የስንብቱ ዋጋ ወደ 76 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ፤ የመጀመሪያው ጉርሻ በሁለት ወር ውስጥ፣ የቀረው ደግሞ እስከ 2031 ድረስ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ እየሆነ የሚከፈል። ሌላ ሥራ ቢይዝ እንኳ ከዚህ ገንዘብ ሳንቲም አይቀነስበትም። የመታሰቢያ ሰሌዳው ባዶ ቦታ አልተሞላም፤ የደረሰኙ ባዶ ቦታ ግን በሚገባ ተሞላ።

አሰልጣኙ ወደዚህ ጸጋ የሚደርሰው ግን በሲኦል በኩል አልፎ ነው። የመጀመሪያው ሽንፈት በመስከረም ሲደርስ ሕዝቡ በጨዋነት «ገና ነው» ይላል። ሁለተኛው ሲደርስ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ይዞ ስለ አጥቂ መስመሩ ምክር መስጠት ይጀምራል፤ ሦስተኛው ሲደርስ ምክሩ ይቆምና ዝምታ ይተካዋል፣ ከምክሩ የሚከፋው እርሱ ነው። ቀጥሎ ከቤቱ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ፣ «ይህ ቤት ይሸጣል» የሚል ምልክት ተተክሎ ያድራል። በጨዋታው ዕለት አንዲት አነስተኛ አውሮፕላን «አባሩት» የሚል ጨርቅ እየጎተተች ከስታዲየሙ በላይ ትዞራለች፤ ኪራዩን ከኪሳቸው ያዋጡት ሰዎች ለመንደራቸው መንገድ ጥገና ሲጠየቁ እጃቸው ያጠረባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። አላባማ ውስጥ በ1988 በዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ በቢል ከሪ የቢሮ መስኮት ጡብ ተወርውሮበታል፤ ቡድኑ የተሸነፈው የቀድሞ ተማሪዎች ለበዓል በተሰበሰቡበት ቀን ነበርና፣ በእንግዳ ፊት ማዋረዱ እንደ ተጨማሪ ወንጀል ሳይታይበት አልቀረም።

ከጡቡም ከአውሮፕላኑም የሚያስፈራው ግን የስፖርት ዳይሬክተሩ «በአሰልጣኛችን ላይ ሙሉ እምነት አለን» ሲሉ የሚሰጡት መግለጫ ነው። የሠራተኛ አስተዳደር ባለበት መሥሪያ ቤት የሠራ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህን ቋንቋ ያውቀዋል፤ ማንም ስለ አንተ ሳይጠይቅ አለቃህ በስብሰባ ላይ ስምህን ጠርቶ ካመሰገነህ፣ የቀረህ ነገር የጠረጴዛህን መሳቢያ ማጽዳት ነው። አሰልጣኙም በፊናው ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ፣ ምክንያት መደርደር እንደማይወድ ካስታወቀ በኋላ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ ይደረድራል፤ ጉዳት በዝቷል፣ ልጆቹ ገና ለጋ ናቸው፣ ዳኛው አላየም፣ ነፋሱም ከወዲያ ነበር።

ወደ እኛ ሰፈር ልመለስ። እኔ በምኖርበት በቨርጂኒያ፣ በብላክስበርግ የሚገኘው ቨርጂኒያ ቴክ በመስከረም 2025 የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ተሸንፎ አሰልጣኙን አሰናበተ። ሴት ልጃቸውን እዚያ ኢንጂነሪንግ የሚያስተምሩና ዋሽንግተን ውስጥ በመኪና ማቆሚያ የሚሠሩ አንድ አባት ዜናውን ሲሰሙ ተጨነቁ።

«ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ ምን ሰርቆ ነው ያባረሩት?»

«ኧረ አባዬ፣ አልሰረቀም፤ ተሸንፎ ነው።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ሚሊዮን ለምን ይሰጡታል?»

«ስላባረሩት ነዋ!»

አባት ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዳልባረር ስጠነቀቅ የኖርኩት ለካ በከንቱ ኖሯል» አሉ።

ያው ዩኒቨርሲቲ በኅዳር ወር የቀጠረው ደግሞ ሌላ የተባረረ ሰው ነው። ጄምስ ፍራንክሊን በፔን ስቴት ከ11 ዓመት በላይ ቆይቶ 104 ጨዋታ ያሸነፈ፣ በ2024 ውድድር ቡድኑን እስከ ብሔራዊው ግማሽ ፍጻሜ ያደረሰ ነበር፤ የ2025 ውድድር ሲጀመርም ቡድኑ በአገር አቀፍ ደረጃ ሁለተኛ ተብሎ ተመድቦ ነበር። ከዚያ በሜዳው በኦሪገን ተሸነፈ፤ በሳምንቱ አራት ተጫውቶ አንድም ባላሸነፈው በዩሲኤልኤ ተሸነፈ፤ በሳምንቱ ደግሞ በኖርዝዌስተርን በአንድ ነጥብ ልዩነት ተሸነፈ፤ በማግስቱ ተሻረ። የ11 ዓመት ምስጋና በ15 ቀን ውስጥ እንዴት እንደሚተን ለሚጠይቅ ሰው፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ የሚይዘው ስታዲየም በአንድ ድምፅ «ፍራንክሊን ይባረር» ሲል መስማት ነበረበት። ይገባው የነበረው ካሳ 49 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ውሉ ግን ሥራ እንዲፈልግና ያገኘው ደመወዝ ከካሳው እንዲቀነስ ያዝ ነበር። ስለዚህ ቨርጂኒያ ቴክ ሲቀጥረው፣ ፔን ስቴት በ9 ሚሊዮን ተገላገለ። አንድ ዩኒቨርሲቲ የጣለውን ሰው ሌላው ሲያነሣው፣ ከሁሉ አብልጦ እልል የሚለው የጣለው መሆኑን እዚህ አየሁ።

የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ግን ሽንፈት እስኪመጣ የመጠበቅ ልማድ የላቸውም። በ2003 ፍራንክ ሶሊችን ያባረሩት ዘጠኝ አሸንፎ ሦስት በተሸነፈበት ዓመት ነበር፤ መካከለኛ መሆን አንፈልግም ብለው። በ2014 ቦ ፔሊኒንም ያሰናበቱት እንዲሁ ዘጠኝ አሸንፎ ሦስት ተሸንፎ ነው። ከዚያ በኋላ ስኮት ፍሮስት የተባለውን የራሳቸውን ልጅ፣ የቀድሞ ጀግናቸውን አመጡና፣ እርሱ በቆየባቸው ዓመታት 16 አሸንፎ 31 ተሸነፈላቸው። መካከለኛነት ያን ጊዜ በናፍቆት የሚጠራ ስም ሆነ። ሶሊች ደግሞ ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በሊጉ ታሪክ ብዙ ጨዋታ ያሸነፈ አሰልጣኝ ሆኖ ጡረታ ወጣ።

ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዚህ ወግ ዋና ከተማ ነው። ኤድ ኦርጀሮን በ2019 ውድድር 15 ተጫውቶ 15 በማሸነፍ ሻምፒዮን አደረጋቸው፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በጥቅምት 2021 የውድድሩ ፍጻሜ የእርሱም ፍጻሜ እንደሚሆን ተነገረው። ካሳው ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ ሲሰማ በስንት ሰዓትና በየትኛው በር እንዲወጣ ብቻ እንደጠየቀ፣ እርሱ ራሱ እየሳቀ በአደባባይ ተናግሯል። እኔ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ነገሩ ከነቃለ ጉባኤው የገባው ሰው እርሱ ብቻ ይመስለኛል። በእርሱ ቦታ ብራየን ኬሊ በ10 ዓመትና በ95 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ውል መጣ፤ የማሳቹሴትስ ተወላጅ ሆኖ ሳለ፣ በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ በደቡቦቹ ቅላጼ መናገር ጀምሮ አገር ሳቀበት። ዲቪ ደርሶት በመጣ በወሩ አማርኛ የሚጠፋበትን ወገናችንን አስታወሰኝ። በጥቅምት 2025 በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 49 ለ 25 ተሸነፈና ተሻረ፤ ዕዳው 54 ሚሊዮን ገደማ ነበር፣ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ።

የግዛቲቱ አገረ ገዥ ጄፍ ላንድሪ በዚህ ጊዜ ተቆጡ። ቀጣዩን አሰልጣኝ የስፖርት ዳይሬክተሩ ስኮት ውድዋርድ ከሚመርጡት ዶናልድ ትራምፕ ቢመርጡት እመርጣለሁ አሉ። ቁጣቸው መሠረት አልነበረውም አይባልም፤ ከዓመታት በፊት በቴክሳስ የጂምቦ ፊሸርን የ75 ሚሊዮን ውል ያስፈረሙት እኒሁ ውድዋርድ ነበሩ። በሁለት ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሰው ሾመው፣ ሁለቱን ለመሻር ብቻ ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ የተወለደባቸው ሰው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ እርሳቸውም ተሰናበቱ። እርሳቸውም ውል ነበራቸው፤ እርሳቸውም ሚሊዮኖች ይገባቸው ነበር። ሻሪውም ሲሻር ይበላል ማለት ነው።

ይህን ገንዘብ ማን ይከፍላል ተብለው ሲጠየቁ ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚመልሱት በትሕትና ነው፤ ከተማሪ ክፍያም ከግብርም አይደለም፣ ከስፖርት ክፍሉ ገቢና ከበጎ አድራጊዎች ነው ይላሉ። በጎ አድራጊ የሚባሉት በነዳጅ፣ በመሬት ሽያጭና በመኪና ንግድ የከበሩ የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያው ሲያፈስ ኮሚቴ ያቋቁማሉ፤ አሰልጣኙን ለማባረር ግን ቼኩን በአንድ ቀጠሮ ይጽፋሉ። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ከሕዝብ መሥሪያ ቤት ከፍተኛውን ደመወዝ የሚበላው አገረ ገዥው ወይም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሳይሆን የፉትቦል ወይም የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ነው። ጉልበታቸው የሚሰበረው ልጆች በስማቸው እንዲነግዱ የተፈቀደላቸው በ2021 ነው፤ በ2025 ደግሞ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለስፖርተኞቹ ሁሉ በዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲያካፍል ተፈቀደ። ያን ጊዜ «ገንዘብ ጨዋታውን አበላሸው» ብለው ከተቆጡት መካከል አሰልጣኞች አልጠፉም። በዝምታ የሚጎዱት ረዳት አሰልጣኞች ናቸው፤ አለቃቸው ሲወድቅ አብረው ይወድቃሉ፣ ውላቸው አጭር ነው፣ ልጆቻቸውም በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ይቀይራሉ። በአገራችን ክለብ ተሰናብቶ የቀረውን ደመወዝ ለማግኘት የፌዴሬሽን ደጅ የሚጠና አሰልጣኝ ካለ፣ ወንድሞቹ እነዚህ ረዳቶች ናቸው።

ሉዊዚያና ስቴት በመጨረሻ የመረጠው ሌን ኪፊንን ነው። ኪፊን በ2013 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ሳለ፣ ቡድኑ በአሪዞና ስቴት 62 ለ 41 ተሸንፎ ሌሊት ሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ፣ ከተማ እንኳ ሳይገባ እዚያው የተሻረ ሰው ነው። በኅዳር 2025 መጨረሻ ግን ያሰለጥነው የነበረው የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ 11 ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ ብቻ በተሸነፈበት፣ ወደ ብሔራዊው የጥሎ ማለፍ ውድድርም ሊገባ በተዘጋጀበት ሰዓት ጥሎት ሄደ። ደጋፊው የግል አውሮፕላኖችን ጉዞ በስልኩ የሚከታተልበት ዘመን ነውና፣ ሲነሣ ዩኒቨርሲቲው በሚገኝበት በሚሲሲፒዋ ኦክስፎርድ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ላይ ተንጠልጥለው የሰደቡት ነበሩ፤ በዚያው ቀን በሉዊዚያና ስቴት ከተማ በባተን ሩዥ ሲያርፍ በሆታ የተቀበሉት ሌሎች ናቸው። ውሉ የሰባት ዓመት ነው፤ በዓመት 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ሆታው በጣም ደምቆ ስለነበር፣ ሲሻር ስንት እንደሚከፈለው የሚናገረውን አንቀጽ ያን ምሽት ከጠበቃው በቀር ያነበበው ያለ አይመስለኝም።