ተምች ሁሉ አንድ አይደለም

ሰብል ስለሚበላው ትል፣ ስለ ተምች ያነበብኩት ጽሑፍ ተምች በመንጋ መጥቶ ሣርና ጤፍ አጭዶ እንደሚሄድ ይናገራል። ለነባሩ ተምች ልክ ነው። እኛን ቡሬ በኩል በቆሎ የምንዘራውን ያንገበገበን ግን ከውጭ የመጣው መጤው ተምች ነው። ሁለቱ ስፖዶፕቴራ በሚባለው ወገን ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ ዝርያ አይደሉም። መጤው አገሩ የአሜሪካ አህጉር ነው፤ ኢትዮጵያ የገባው በ2009 ዓ.ም. ነው።

ትሉን ይዛችሁ ግንባሩን እዩት፤ የተገለበጠ የፈረንጅ ዋይ (Y) ፊደል የመሰለ ነጣ ያለ መስመር አለው። ወደ ጅራቱ ደግሞ አራት ጥቋቁር ነጥቦች በካሬ ተቀምጠዋል (እኔ ዓይኔ ስለደከመ ለልጄ ነው የማሳየው)። ነባሩ ሜዳ ለሜዳ ሲተም ይታያል፤ ይሄኛው ሌባ ነው። ገና ያልተፈታው የበቆሎ ቅጠል ውስጥ ገብቶ ይሸሸጋል፤ የምታዩት የመጋዝ ብናኝ የመሰለ ኩሱን ብቻ ነው። በቀትር ብትረጩት መድኃኒቱ እምብዛም አያገኘውም። እኛ በማለዳ እየለቀምን እንጨፈልቀዋለን፤ ወገብ ይቆርጣል እንጂ ይሠራል።

ሲያድግ ያው ማታ መብራት የሚዞረው ግራጫ የእሳት እራት ይሆናል። አንዷ እናት በዕድሜዋ ከሺህ በላይ እንቁላል ትጥላለች።

በነገራችን ላይ በጽሑፉ ላይ ካለው የመጤው እራት ፎቶ ሥር «ሴቷ» ተብሏል። ክንፉ ጫፍ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ወንዱ ነውና ይታረም።