ለወፎቹ ፍርፋሪ ከመበተን ጎመኑ ላይ ያለውን ትል ተዉላቸው

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ጓሮ ያለው ሰው ጠዋት ጠዋት የተረፈ እንጀራና ዳቦ እየፈረፈረ ለወፎች ይበትናል፣ ቪዲዮውም ቲክቶክ ላይ ይወጣል፣ ነፍስ ናቸው ይብሉ ነው ነገሩ፣ ደስ ይላል። እኔ ግን በክረምት ባይበተን እላለሁ።

ለምን መሰላችሁ፣ ብዙዎቹ ወፎች የሚፈለፍሉት ዝናቡ ወርዶ ሳሩ ሲያድግና ትሉ ሲበዛ ነው። እነዛ ጎጇቸውን እንደ ዘንቢል ጠልፈው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ የሚያንጠለጥሉት ቢጫ ወፎች ራሳቸው እህል በሊታ ናቸው፣ ገበሬው ማሽላው ላይ በወንጭፍ የሚያባርራቸው፣ ጫጩቶቻቸውን ግን የሚያሳድጉት በአባጨጓሬና በፌንጣ ነው። (ወንዱ ሲሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሳር ቅጠል ሰንጥቆ በእግሩ ይዞ በአፉ ያስራል፣ ሲጨርስ ተዘቅዝቆ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል፣ ካልወደደችለት ራሱ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል፣ የኛ ኮንትራክተሮች ይዩልኝ።)

ጫጩት ላባና አጥንት የሚያወጣው በፕሮቲን ነው፣ ዳቦ ሆድ ይሞላል እንጂ ያ የለውም። እናትየው ደግሞ ደጅ ላይ የተዘራ ፍርፋሪ ካገኘች ያንኑ ለቅማ ልትወስድላቸው ትችላለች። ወጥ የነካው ጨው አለበት፣ የሻገተው ይመርዛቸዋል። ፍርፋሪው ቁራና ድመትም ይጠራል፣ ቁራ ደግሞ እንቁላልም ጫጩትም አይምርም።

የሚያናድደኝ ግን ዳቦ የበተነው ሰውዬ ከሰዓት ፓምፕ አዝሎ ጎመኑንና ጌሾውን መድኃኒት ሲረጭ ነው፣ ኧረ በናታችሁ፣ የጫጩቱን ምግብ ገድለህ ለእናቱ ፍርፋሪ ምን ይሠራላታል፣ የተመረዘውን ትልም ለቅማ የምታጎርሰው እሷው ናት። ሁለት ወር ጎመኑ ትንሽ ቢበሳ ማንም አይራብም።

መርዳት የፈለገ በጋ ላይ ይርዳ፣ የካቲትና መጋቢት ሁሉ ነገር ሲደርቅ ጠለቅ ያላለ ሰሃን ላይ ውሃ ያስቀምጥ፣ በየቀኑ እያጠበ ይቀይረው፣ አለበለዚያ በሽታ ማስተላለፊያ ይሆናል። እህልም ከሆነ ያልሻገተ ጥሬ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእንቁጣጣሽ ግቢ ሲፀዳ መጀመሪያ የሚቆረጠው ወደ ደጅ የተንጠለጠለው ቅርንጫፍ ነው፣ ጎጆው ያለውም እሱ ላይ ነው፣ ያኔ ብዙ ጊዜ ጫጩቶቹ ገና አልበረሩም። መጥረቢያ ከማንሳታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ እዩ፣ ወፎቹ እየተመላለሱ ከሆነ ለጥቅምት አሳድሩት።