ጅብም ሁዳዴን ያውቃል

የእህቴ ልጅ ባዮሎጂ ተመርቃ ቤት ከተቀመጠች ዓመት ሊሞላት ነው። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ሳለን ስልኳን አወጣችና አንድ ካሜራ አሳየችኝ። ዋጋውን ሳየው የመኪና መሰለኝ። "ጋሼ፣ የዱር እንስሳት ፊልም ሥራ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ። ይሄን ብገዛ ይሻላል ወይስ አነስ ያለውን?"

ሁለቱንም አትግዢ አልኳት። አኮረፈች። ለማስረዳት ከአቦል እስከ በረካ ፈጀብኝ።

ይህ ሥራ ዋና ከተማ አለው፤ እንግሊዝ አገር ያለችው ብሪስቶል። ቢቢሲ የተፈጥሮ ታሪክ ክፍሉን እዚያ ያቋቋመው በ1957 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ከዚያ ወዲህ በዙሪያው ሌሎች ፊልም ሠሪዎችም ተሰብስበዋል። እዚያ ጀማሪ ሲቀጠር ካሜራ አይሰጡትም። መጀመሪያ ተላላኪ ነው፤ ሻይ ያመላልሳል፣ ሻንጣ ይሸከማል። ትንሽ ሲሻሻል ተለማማጅ ሪሰርቸር ይሆናል። "ተመራማሪ" ብዬ እንዳልተረጉመው ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ይመጣብኛል። ይሄኛው ግን ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነው።

አንድ አዲስ ጥናት ያነባል። ጥናቱን የሠራውን ሰው አፈላልጎ ይደውላል። እንስሳው ያንን ነገር የሚያደርገው በየትኛው ወር ነው? ስንት ሰዓት ላይ? ሰው ምን ያህል ቢጠጋው ይታገሣል? መኪና እስከ የት ይገባል? ፈቃድ የሚሰጠው ማነው? ድሮንስ? የካሜራ ባለሙያው ብርድ ላይ ሳምንታት የሚቀመጠው እነዚህን መልሶች አምኖ ነው። ወሩ ከተሳተ አለቀ፤ ጉም ቀርጾ ይመለሳል። ፊልሙ ሲያልቅ ደግሞ ኮንትራቱም ያልቃል፤ ሌላ ፍለጋ ነው። የተፈጥሮ ፊልሞች ዝነኛው ተራኪ ዴቪድ አተንቦሮ እንኳ መጀመሪያ ቢቢሲ ሬዲዮ አመልክቶ አልተቀበሉትም። በ1952 ነው በቴሌቪዥን በኩል ሰልጣኝ ሆኖ የገባው።

"ታዲያ እኔ ከእነሱ በምን እበልጣለሁ?" አለችኝ ልጅቷ። የጅቡን ነገር የነገርኳት ይሄኔ ነው።

በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ ጅብ የሚኖረው ከሰው በሚጣል ትርፍራፊ ነው፤ አጥንት፣ ቆዳ፣ የሞተ ከብት። ሁዳዴ ሲገባ ግን 55 ቀን ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ በየጓሮው የሚታረድም የለም። ጅቡስ ምን ይበላል? የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ጊደይ ይርጋና ባልደረቦቹ ይህን ጠየቁ። የጅቦቹን ዓይነ ምድር እየለቀሙ ውስጡ ያለውን ፀጉር መረመሩ። ከጾሙ በፊት፣ በጾሙ ጊዜ፣ ከጾሙ በኋላ። በ2012 ባወጡት ጥናት እንደጻፉት፣ በጾሙ ወራት የአህያ ፀጉር ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ተገኘ። አጥንቱ ሲቀርበት ጅቡ አህያ ወደ ማደን ዞሯል። ጾሙ ሲፈታ እሱም ወደ ትርፍራፊው ተመለሰ።

እስቲ ይሄን ጥያቄ ብሪስቶል የተቀመጠ ልጅ ከየት ያመጣዋል? የጎበዝ እጥረት ስላለባቸው አይደለም። ሥጋ ቤት ሁለት ወር ሲዘጋ አይቶ ስለማያውቅ ነው።

ባሌም ሌላ ታሪክ አለ። ቀይ ቀበሮ አይጥና ፍልፈል አዳኝ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በ2024 ግን አጥኚዎች ሌላ ነገር አሳተሙ፤ ቀበሮው የአበባ ማር ይልሳል። አንዳንዱ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ድረስ ይጎበኛል፣ አፍንጫው ቢጫ ብናኝ ለብሶ ይሄዳል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ቀበሮዎቹን ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ፕሮፌሰር ክላውዲዮ ሲዬሮ የአበባውን ጣዕም መጀመሪያ የተረዱት የእረኞች ልጆች ሲልሱት አይተው እንደሆነ ተናግረዋል። ከዚያ ራሳቸው ቀመሱት። ከልጆቹ ነው የተማሩት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። የሐረር ጅቦችና የሰሜን ተራሮች ጭላዳዎች በቢቢሲ ትልልቅ ፊልሞች ላይ ታይተዋል። እንዲህ ዓይነት ቡድን ሲመጣ "ሳይነጋ ኑ፣ በዚህ ገደል በኩል ነው የሚወጡት" የሚል የአገር ሰው አይጠፋም። ስሙ ፊክሰር (ጉዳይ አመቻች) ነው፣ አስጎብኚ ነው፣ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ነው። የሪሰርቸሩን ሥራ ግማሽ ይሠራል፤ አበሉን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሚቀጥለው ፊልምም ያው አበል ነው። በሙያው አንድ ደረጃ እንኳ አይወጣም።

የቀረጻ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ከክፍያው ጎን አንድ ነገር ቢጨምርስ? "ከእኛ ልጆች አንድ ተለማማጅ ሪሰርቸር ከዝግጅቱ ጀምሮ አብሮ ይሥራ" የሚል። ፊልም ሠሪዎቹ ኮታ ነው ብለው ሊያጉረመርሙ ይችላሉ። ያጉረምርሙ። የሚያገኙት ሰው ወጪ የሚቆጥብላቸው ሰው ነው። እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። የራሳችን የእንስሳት ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ተራራ፣ ዋሽንትና "የ13 ወር ፀጋ" ናቸው። እንስሳው ምን እንደሚያደርግ የጠየቀ ሰው አይታይባቸውም።

ልጅቷ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጓሳ ሄዳ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሃል ቀስ ብሎ እየተራመደ አይጥ ሲያድን ማየት ፈልጋ ነበር። መንገዱ ለጊዜው እንደልብ ስላልሆነ ከሠፈሯ ጀመረች። ደብተር ገዝታ ሥጋ ቤቱ ጣሪያ ላይ የሚያንዣብቡ ጭልፊቶችን መቁጠር። በሦስተኛው ቀን ባለ ሥጋ ቤቱ ጠራት። "ልጄ፣ ረቡዕና ዓርብ መጥተሽ እንዳትለፊ፣ አንድም አታገኚ። እነሱ ጾሙን ከእኔ በላይ ነው የሚያውቁት።"

ቃል በቃል ጽፋዋለች። ረቡዕም ሄዳ ልታየው ነው።