የረድፎቹን ርዝመት አብራችሁ ጻፉልን!

ኧረ በፈጠራችሁ፣ ሩት (ROOT፣ የቅንጣት ፊዚክስ ዳታ ማስቀመጫና መተንተኛ ሶፍትዌር) ላይ ዳታ የምታስቀምጡ ሰዎች፣ የእያንዳንዱን ረድፍ ርዝመት አብራችሁ አስቀምጡ! ፋይሉን የሚከፍተው ሰው ከየት ያመጣዋል?

የቅንጣት ፊዚክስ ዳታ መቼም ቢሆን እኩል አራት ማዕዘን ሆኖ አይመጣም። አንዱ የቅንጣቶች ግጭት 3 ትራክ (ቅንጣት ያለፈበት መንገድ) ይኖረዋል፣ ሌላው 40። አንዱ ትራክ 4 ሂት (መለኪያው የመዘገበው ነጥብ)፣ ቀጣዩ ምንም። ትራኩ ረድፍ ነው፣ የሂቶቹ ብዛት የረድፉ ርዝመት። የሩት ቲትሪ (TTree፣ ዳታው ፋይል ውስጥ የሚቀመጥበት ሠንጠረዥ) ደግሞ ተራ አሬይ (የቁጥሮች ድርድር) ሲሰጡት እንዲለዋወጥ የሚፈቅደው የመጀመሪያውን ዳይሜንሽን ብቻ ነው። ረድፉ ቢለያይም ዓምዱ ሁሌ 3 ከሆነ ችግር የለም፤ ሁለቱም ከተለዋወጡ አይሆንም።

ታዲያ ብዙው ሰው ምን ያደርጋል? 100 በ100 ቦታ ይይዝና ባዶውን በዜሮ ይሞላዋል። 10,000 ፍሎት (አስርዮሽ ቁጥር) በ4 ባይት ሲባዛ ለአንድ ግጭት 40,000 ባይት፤ ለአንድ ሚሊዮን ግጭት 40 ጊጋባይት! ኮምፕረሽን ዲስክ ላይ ያሳንሰዋል፤ ሲነበብ ግን ተፈትቶ ሙሉው ሜሞሪ ላይ ይዘረገፋል። ቦታውስ ይሁን። ያ ዜሮ የተለካ ዜሮ ይሁን መሙያ በምን ይለያል? በ-999 የሞላችሁትም ብትሆኑ፣ ሳያጣራ አማካይ ያወጣ ሰው ውጤቱ ገደል ገባ።

ከሁሉ አንጀት የሚያሳርረው ግን የፖይንተር ፖይንተሩ (የሜሞሪ አድራሻዎች ዝርዝርን የሚጠቁመው) ነው። ረድፎቹን አንድ በአንድ በሲ++ «ኒው» (new) ፈጥሮ ያንን ለብራንች (ቲትሪው አንዱን የዳታ ዓይነት ለሚያስቀምጥበት ክፍል) መስጠት! ብራንች የሚጠብቀው ተከታትሎ የተቀመጠ ሜሞሪ ነው። እዚያ የሚያገኘው የረድፎቹን አድራሻ ስለሆነ፣ አድራሻውን ቁጥር ነው ብሎ ይጽፈዋል። የስሕተት መልእክት ላይመጣ ይችላል። ፋይሉ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ቆሻሻ ነው፣ ዋናው ዳታም አይመለስም።

የቬክተር ቬክተር (ሌሎች ቬክተሮችን የያዘ፣ ርዝመቱ የሚለዋወጥ የሲ++ ዝርዝር) ይሻላል፣ ግን ዲክሽነሪ (ሩት የዳታውን ቅርጽ የሚያውቅበት መግለጫ) ይፈልጋል፤ ከመጻፍም ከማንበብም በፊት በጄነሬት ዲክሽነሪ (GenerateDictionary) አዘጋጁት። በየግጭቱ «ክሊር» (clear) ብላችሁ ካላጸዳችሁት ያለፈው ዳታ ከአዲሱ ጋር ይጠራቀማል። በሴት ብራንች አድረስ (SetBranchAddress) ስታነቡ ፖይንተሩን መጀመሪያ ነል (ባዶ አድራሻ) አድርጉት፤ አለዚያ ሴግመንቴሽን ፎልት (ፕሮግራሙ በሜሞሪ ስሕተት መቆም) ነው።

ሌላ ሰው በፓይተን ሊያነበው ይችላል ካላችሁ ደግሞ ዘርግታችሁ ጻፉት። የረድፍ ብዛት፣ የየረድፉ ርዝመት፣ ጠቅላላ ብዛት፣ ከዚያ እሴቶቹ በአንድ መስመር። ርዝመቶቹ 4፣ 0፣ 2 ከሆኑ ጠቅላላው 6 ነው፤ ቦታዎቹን ከ0 ስንቆጥር ሦስተኛው ረድፍ ከቦታ 4 ይጀምራል። ባዶውን ረድፍ እንዳትዘሉት! ያቺ 0 ከጠፋች ሦስተኛው ትራክ ሁለተኛ ሆኖ ይነበባል። ብዛቶቹን የያዙት ቆጣሪ ብራንቾች ከአሬዮቹ በፊት ይፈጠሩ፤ ካልሆነ ሩት ርዝመቱን የሚያነብበት የለውም።

ሜክ ክላስ (MakeClass፣ የማንበቢያ ኮድ የሚጽፍላችሁ የሩት ትእዛዝ) የሚያወጣላችሁን የአሬይ መጠንም እንዲሁ አትመኑት፤ የሚወስደው በዚያ ፋይል ውስጥ ያለውን ትልቁን ቁጥር ነው። ሌላ፣ የበለጠ ትራክ ያለው ፋይል ስታያይዙበት ከአሬዩ አልፎ ጎረቤት ሜሞሪ ላይ ይጽፋል። ወይ የቆጣሪውን ትልቁን ዋጋ በሁሉም ፋይሎች ላይ በጌት ማክሲመም (GetMaximum) አይታችሁ ቦታ ያዙ፣ ወይ መጠኑን ራሱ በሚያስተካክለው በቲትሪ ሪደር አሬይ (TTreeReaderArray) አንብቡ።