ጠበሉም ይቀጥል፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ

የአክስቴ ልጅ ዝም ማለት የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ ነው። ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ባለው ቤታቸው የክፍሉን መስኮት በጋዜጣ ሸፈነ። ጎረቤቶች ሌሊት ስለ እሱ ሲያወሩ እንደሚሰማ ነገረን። ባጃጅ ሲሳፈር ሾፌሩ የሚሰልለው ይመስለው ነበር። መጀመሪያ «የፈተና ጭንቀት ነው» አልን። ከዚያ በጫት አሳበብን። ቀጥሎ «ዓይን በልቶት ነው» ተባለ፤ ጎበዝ ተማሪ ነበራ። ሐኪም ዘንድ እስክንወስደው ሁለት ዓመት አለፈ።

እነዚያ ሁለት ዓመታት ዛሬም ይቆጩኛል። ይህን የምጽፈው እሱ ፈቅዶልኝ ነው።

ሕመሙ ስኪዞፍሬኒያ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ300 ሰዎች 1 ሰው ገደማ አለበት። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻና በሃያዎቹ ውስጥ ነው። ልጁ ተምሮ ቤተሰቡን ሊደግፍ ነው ሲባል ማለት ነው። ለዚህም ይመስለኛል «ሰው አስደረገበት» ማለት የሚቀለን። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት አለ፤ ግን ወላጁ የታመመ ሁሉ አይታመምም። ጫት ደግሞ ሕመሙ ላለበት ሰው ያባብስበታል።

ድምፅ መስማቱንና ጥርጣሬውን ሰው ሁሉ ያያል። ብዙዎቻችን የማናየው ጸጥተኛውን ገጽታ ነው። መታጠብ ይተዋል። ጓደኛ አይፈልግም። ቀኑን ሙሉ ጋደም ብሎ ይውላል። እኛ ሰነፈ አልነው። አጎቴማ በቁጣ ብርድ ልብሱን እየገፈፈ ያስነሳው ነበር። ያም የሕመሙ አካል መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እዚህ ላይ ግን ታማሚው ምንም አልደበቀም። የሚሰማው ድምፅ ለእሱ እውነት ስለሆነ፣ ታምሜያለሁ ብሎ አያስብም። የደበቅነው እኛ ነን። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እንዲቀመጥ አደረግን። አክስቴ ሌሊት ወጥቶ ሐይቁ ውስጥ እንዳይገባ ፈርታ እግሩን ከአልጋው ጋር ያሰረችበት ጊዜም ነበር። ጨካኝ ሆና አይደለም። ሌላ መላ የሚነግራት ሰው አጥታ ነው።

አሁን ወደ ጠበሉ ልምጣ፤ ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው። ጣና ዳር ላደገ ሰው ሕመም ሲመጣ እግር የሚያቀናው ወደ ገዳም ነው። አክስቴም ልጇን ይዛ ወጣች። ለአንድ ሱባኤ ብላ ሄዳ ሦስት ወር ቆየች። ይህን ለመንቀፍ አይደለም የማነሳው። እዚያ ማንም እብድ አላለውም። ከሌሎች ጋር በላ፣ ጸለየ፣ በጊዜው ተኛ። ከተማው የነሳውን ክብር እዚያ አግኝቷል።

ችግሩ የመጣው በሌላ በኩል ነው። ሐኪም ዘንድ ሄዶ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ዳግም ጠበል ሲገባ፣ አንድ ሰው «ኪኒን እየዋጡ ጠበል አይሠራም፤ እምነት ማጉደል ነው» አለው። አቆመ። ሁለት ወር ሳይሞላው ድምፁ ተመለሰ። ከመጀመሪያው የከፋ ነበር።

እኛ ግን ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት መልሰነው ነበር። የኤችአይቪ መድኃኒት ሲመጣ ስንት ሰው ጠበል ቦታ ላይ አቋርጦ ሞተ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው አትርፏል። ለአእምሮ ሕመምተኛስ ይኸው ቃል ለምን አይነገርም? አባቶች ሆይ፣ ከጥምቀቱ በፊት «መድኃኒት ያላችሁ እንዳታቋርጡ» ብትሉ፣ እናቶች ከሐኪሙ ይልቅ እናንተን ይሰማሉ።

መድኃኒቱ ምንም ችግር የለውም እያልኩ አይደለም። ሰውነት ያደርቃል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ አንዳንዱ ያወፍራል፣ ያደነዝዛል። ታማሚው ሲያማርር እውነቱን ነው። ያኔ መጠኑን መቀነስ ወይም መድኃኒቱን መቀየር ይቻላልና ለሐኪሙ መንገር ነው። በየቀኑ ኪኒን መዋጥ ላቃተውም በወር አንዴ ገደማ የሚወጋ መርፌ አለ።

ድሮ ለዚህ ሕመም የዓባይን በረሃ አቋርጦ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ ግድ ነበር። ዛሬ ባሕር ዳር ላይ በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ከሐይቁ ማዶ በጀልባ ለሚመጣ ገበሬ ግን አሁንም ሩቅ ነው። ደክሞ ደርሶ «መድኃኒቱ አልቋል» ሲባልስ? እኛንም ገጥሞናል። ከግል ፋርማሲ ገዛን፤ ያ ገበሬ በምን ይገዛል? የደም ግፊት ኪኒን በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ እንዲኖር እንደምንጠይቀው ሁሉ ይህንንም መጠየቅ አለብን።

የዓለም ጤና ድርጅት ከሦስት ታማሚዎች ቢያንስ አንዱ ሙሉ በሙሉ ሊያገግም ይችላል ይላል። የአክስቴ ልጅ ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ትምህርቱንም አልጨረሰም። ግን የእናቱን ሱቅ ይጠብቃል፤ ሒሳብ አይሳሳትም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ጠበሉንም ይጠጣል። ለመርፌው አብሬው የምሄደው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ሥራ በዝቶብኝ ቀኑን ረስቼው ነበር። ጠዋት ደውሎ «ዛሬ እኮ ነው፤ እየጠበቅኩህ ነው» አለኝ።