የተሳፋሪ ጊዜ በማን ሒሳብ ነው የሚቆጠረው?

ዛሬ የምጽፈው ስለ አውቶቡስ ጥበቃ ነው። በአንድ ዋና ከተማና በዙሪያው ባሉ ትንንሽ ከተሞች መካከል በሚመላለስ የሕዝብ አውቶቡስ ሥራ ውሎ የሚገባ ሰው ሁሉ ይህን ብሶት ያውቀዋል። የመንገዱን ርዝመት ችለነዋል፤ መጨናነቁን ችለነዋል፤ ብረት ይዞ ቆሞ መሄዱንም ለምደነዋል። ያልቻልነው ሰሌዳው ላይ በተጻፈው ሰዓት የማይመጣ አውቶቡስ ስንጠብቅ ቆይተን፣ መጥቶ መናኸሪያ ሲያደርሰን ደግሞ ሁለተኛው አውቶቡስ ጥሎን ሲሄድ፣ በዚያ ላይ «የተሳፋሪ ቁጥር በመቀነሱ ምልልስ ቀንሰናል» የሚል ወረቀት ፌርማታው ላይ ተለጥፎ ስናነብ ነው። ነዳጅ ይቆጠራል፣ ጎማ ይቆጠራል፣ የተቆረጠ ቲኬት ይቆጠራል፤ ፌርማታ ላይ የሚባክነው የሰው ዕድሜ ግን በማንም መዝገብ ውስጥ አይገባም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

የኔ ጉዞ ሁለት አውቶቡስ ይጠይቃል። በሰሌዳው መሠረት የመጀመሪያው መናኸሪያ የሚገባው ሁለተኛው ሊነሣ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ረዥሙን ዋና መንገድ አቋርጦ የሚመጣ በመሆኑ ከአምስት ደቂቃ በላይ መዘግየቱ የታወቀ ነው፤ ሰሌዳውን ያወጡትም ሰዎች ያውቁታል። ስለዚህ በሩ ተከፍቶ መውረድ ስንጀምር የሁለተኛው አውቶቡስ የኋላ መብራት ከመናኸሪያው ሲወጣ ይታየናል። ወጣቶቹ ይሮጣሉ፤ አንዳንዴ አንዱ ደርሶ በሩን ይደበድባል፤ ብዙ ጊዜ አይከፈትለትም። የሚቀጥለው የሚነሣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። በቅርቡ ከኋላዬ የወረዱ አንዲት እናት ዕቃቸውን መሬት አስቀምጠው «ልጄ፣ የኛው ነው የወጣው?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ እማማ፣ አሁን ነው የወጣው» አልኳቸው። «እኛ ስንገባ እያየ?» አሉ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

ስምሪት ክፍል ገብቼም ጠይቄአለሁ። የስምሪት ሠራተኛው ጨዋ ሰው ነው፤ አልተቆጣም። «የሌላ ድርጅት አውቶቡስ እስኪገባ ጠብቅ የሚል ትእዛዝ የለኝም፤ ሾፌሩም ከዘገየ ይቀጣል» አለኝ። እውነቱን ነው። የመጀመሪያው አውቶቡስ የአንድ ድርጅት ነው፤ ሁለተኛው የሌላ። ሾፌሮቹ በመስታወት ይተያያሉ እንጂ የሚነጋገሩበት መሣሪያ የላቸውም፤ ቢነጋገሩም ለመጠበቅ ሥልጣን የላቸውም። ስለዚህ ይህን ብሶት በሾፌርና በቲኬት ቆራጭ ላይ የሚያወርድ ሰው እባኩን ይተው። ሾፌሩ የተሰጠውን ሰዓት ነው የሚነዳው። ጥፋቱ ያለው ሰዓቱ በሚወጣበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

የሕዝብ ማመላለሻ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ መሠረቱ የታወቀ ሰዓት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1662 የሒሳብ ሊቁ ብሌዝ ፓስካል ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ፓሪስ ላይ በፈረስ የሚጎተቱ የሕዝብ ሠረገላዎችን ሲያስጀምር የሐሳቡ አዲስነት ሠረገላው ላይ አልነበረም፤ ሠረገላማ ድሮም ነበረ። አዲሱ ነገር ሠረገላው በተወሰነ መንገድ መሄዱና ሞላም አልሞላም በሰዓቱ መነሣቱ ነበር። የፓሪስ ፍርድ ቤት ወታደሮችን፣ አሽከሮችንና የጉልበት ሠራተኞችን እንዳይሳፈሩ ከለከለ፤ አገልግሎቱም ከጊዜ በኋላ ከሰመ። ይህን ሳነብ የሚያሳዝነኝ፣ ለሁሉም ሊሆን የሚገባው ነገር ገና ሲወለድ በጣም የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች በር ላይ መመለሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1826 ደግሞ ናንት በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ስታኒስላስ ቦድሪ የተባለ ነጋዴ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳሠራው የመታጠቢያ ቤት ደንበኞችን የሚያመላልስ ሠረገላ አሰማራ። ብዙም ሳይቆይ የሚሳፈሩት ሰዎች መታጠቢያ ቤቱ ድረስ እንደማይሄዱ፣ መንገድ ላይ ወደየጉዳያቸው እንደሚወርዱ ተገነዘበ። ሰውየው «እነዚህ ሰዎች ደንበኞቼ አይደሉም» ብሎ አላባረራቸውም፤ የሰዉን ፍላጎት ዐይቶ ሥራውን ወደ ማመላለሻ ለወጠ። ዛሬ መስመር የሚያወጡልን ሰዎች ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ የሰዉን አወራረድና አወጣጥ ያን ያህል እንኳን ቢያዩት ደስ ባለኝ።

በሞተር የሚሄደው የመጀመሪያው የሕዝብ አውቶቡስም ቢሆን በትልቅ ከተማ መሐል አይደለም የተጀመረው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1895 በጀርመን ዚገን ከተባለች ከተማ ተነሥቶ በኔትፈን በኩል ዶይትስ ወደምትባል ትንሽ ቦታ በቤንዝ መኪና ነው የተጀመረው፤ በብልሽት ምክንያት ዓመት ሳይሞላው ቢቋረጥም። ስዊዘርላንድም እ.ኤ.አ. በ1906 ከበርን ወደ ዴትሊገን የፖስታ አውቶቡስ ስታስጀምር ደብዳቤና ሰው ባንድ ላይ ወደ ገጠር ይጓዝ ነበር። ከተማን ከዙሪያው ጋር የሚያገናኘው አውቶቡስ የሥራው መነሻ ነው። ዛሬ ግን በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚነካው ይኸው የዙሪያ መስመር ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። ይህን ክፍል ሰው እንዲያነብልኝ እለምናለሁ፤ ምክንያቱም «መንገዱ ተጨናንቆ ነው» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። አንድ መስመር ደርሶ መልስ 60 ደቂቃ ቢፈጅና 6 አውቶቡስ ቢመደብለት በየ10 ደቂቃው አንድ አውቶቡስ ይመጣል። መንገዱ ተጨናንቆ ያው ደርሶ መልስ 75 ደቂቃ ሲሆን ግን በ6 አውቶቡስ በየ10 ደቂቃው ማድረስ አይቻልም፤ 12 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። የ10 ደቂቃውን ለመጠበቅ 8 አውቶቡስ ያስፈልጋል። ብዙ ቦታ የሚሆነው ምንድን ነው? አውቶቡስ አይጨመርም፤ ሰሌዳውም አይታረምም። ሾፌሩ ሊያሟላው የማይችለውን ሰዓት እያሳደደ ይውላል፤ በመስመሩ መጨረሻ ላይ ውኃ የሚጠጣበትና ሰዓቱን የሚያስተካክልበት ዕረፍት ይበላበታል፤ የጠዋቱ መዘግየት ሳይታረም ወደ ከሰዓት ይሻገራል። እኛ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ያልተለወጠ ሰሌዳ ሥር ቆመን ሰዓታችንን እናያለን።

ከዚህ የሚከተለው ሁለቱ አውቶቡስ ተከታትለው የሚመጡበት ነገር ነው። ብዙ ሰው ሾፌሮቹ እያወሩ የሚመጡ ይመስለዋል። ጉዳዩን ኒውዌልና ፖትስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 በሒሳብ አስረድተውታል። አንድ አውቶቡስ ትንሽ ከዘገየ በየፌርማታው የሚጠብቀው ሰው ይበዛል፤ ሰው በበዛ ቁጥር ለማሳፈር የሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል፤ ስለዚህ የበለጠ ይዘገያል። ከኋላው ያለው ደግሞ ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚያገኝ ይፈጥንና ይደርስበታል። መፍትሔውም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው፦ በተመረጡ ፌርማታዎች ላይ ከሰዓቱ ቀድሞ የደረሰውን አውቶቡስ ጥቂት መያዝ፣ በሰሌዳው ውስጥ በቂ የመጠባበቂያ ጊዜ መተው፣ ማሳፈሩን በሁለት በር ማድረግ፣ ቲኬቱን ከመሳፈር በፊት ማስቆረጥ። ብራዚል ውስጥ የኩሪቲባ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ለአውቶቡስ የተለየ መንገድ ሰጥታለች፤ በኋላም ተሳፋሪው አስቀድሞ ከፍሎ የሚገባባቸውን ጣቢያዎች አቁማ ይህን በተግባር አሳይታለች። የሚጠይቀው ቁጥጥርና ፈቃደኝነት ነው።

ሪፖርት የሚጽፉ ሰዎች የማይጽፉትን አንድ ነገር ደግሞ ላሳይ። በየ10 ደቂቃው በትክክል የሚመጣ አውቶቡስን የሚጠብቅ ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ይቆማል። ያው ቁጥር ያላቸው አውቶቡሶች ሁለት ሁለት እየሆኑ በየ20 ደቂቃው ሲመጡ አማካይ ጥበቃው 10 ደቂቃ ይሆናል። ነዳጁ ያው፣ ሾፌሩ ያው፣ ምልልሱ ያው፤ የሰው ጥበቃ ግን እጥፍ። በሪፖርቱ ላይ ምልልሱ መቶ በመቶ ተሟልቷል ተብሎ ይጻፋል። ጭነቱም እንደዚሁ ነው። የፊተኛው 80 ሰው አጭቆ፣ የኋለኛው ባዶውን ቢመጣ በአማካይ 40 ሰው ተጭኗል ይባላል፤ ከ80ዎቹ ውስጥ ግን 40 ሰው በያዘ አውቶቡስ የሄደ አንድም ሰው የለም። አማካዩ የአውቶቡስ አማካይ ነው። የተሳፋሪው አማካይ ማንም ጠይቆት አያውቅም።

በጣም የሚያናድደኝ «ተሳፋሪ ቀነሰ» የሚለው ነው። ለምን ቀነሰ? የኢኮኖሚ ሊቁ ኸርበርት ሞሪንግ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ተሳፋሪ ሲጨምርና አውቶቡስ ሲጨመር የእያንዳንዱ ሰው ጥበቃ ያጥራል፤ አገልግሎቱ ለሁሉም ይሻሻላል። የዚህ ተገላቢጦሽም እውነት ነው። በየሰዓቱ የነበረው በየሁለት ሰዓቱ ሲሆን በአንድ ደቂቃ ያመለጠው ሰው ቀድሞ 59 ደቂቃ ይጠብቅ የነበረው አሁን 119 ደቂቃ ይጠብቃል፤ አቅም ያለው ሌላ ዘዴ ይፈልጋል፤ አቅም የሌለው ሥራውን ይተዋል ወይም ቤት ይለውጣል። ከዚያ እንደገና ይቆጠርና «ቀንሷል» ተብሎ ሌላ ምልልስ ይሰረዛል። የማታውን የመጨረሻ አውቶቡስ ነገር ተመልከቱ። ጥቂት ሰው ስለሚይዝ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። ነገር ግን ማታ መመለሻ የሌለው ሰው ጠዋትም አይሳፈርም፤ ስለዚህ የማታውን የሰረዘ ድርጅት የጠዋቱንም ቲኬት አብሮ ያጣል። በዚያ ላይ ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለውን ምልልስ መሰረዝ የሚያተርፈው ነገር ጥቂት ነው። አውቶቡሱ ለጠዋቱና ለማታው ግፊያ ሲባል ተገዝቷል፤ ቀኑን ሙሉ ዴፖ ውስጥ ቆሞ ቢውልም ወጪው አይቀርም። ሰዉ ግን ከቀትር በኋላ ሐኪም ቤት መሄጃ ያጣል።

ይህን ሁሉ ማስተካከል አይቻልም የሚለኝ ካለ የሌሎችን ታሪክ ይመልከት። የጀርመኗ ሀምቡርግ እ.ኤ.አ. በ1965 የከተማና የአካባቢዋን የባቡርና የአውቶቡስ ድርጅቶች በአንድ ማኅበር ሥር አሰባስባ አንድ ሰሌዳና አንድ ቲኬት አወጣች። ድርጅቶቹ አልፈረሱም፤ ሰዓታቸውንና ገቢያቸውን አብረው መወሰን ጀመሩ። ዙሪክ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመሳሳዩን በክልሏ ሙሉ አደረገች። ስዊዘርላንድ በአገር ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1982 ባቡሮቿን በተመሳሳይ ልዩነት በየሰዓቱ እንዲነሡ ካደረገች ወዲህ የገጠር አውቶቡስ ባቡሩ ሲገባ ጣቢያው ላይ ቆሞ እንዲጠብቅ ተደርጎ ነው ሰሌዳው የሚወጣው። ቀድሞ የሚታሰበው ሰውየው ወርዶ የሚሳፈርበት ጊዜ ነው፤ የአውቶቡሱ ሰዓት ከዚያ ይከተላል። የኛ መናኸሪያ ላይ የጎደለው ይኸው ነው።

በአንጻሩ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው ሕግ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1986 ጀምሮ፣ ከለንደን በቀር፣ ማንኛውም ድርጅት ያሻውን መስመር ተመዝግቦ እንዲነዳ ፈቀደች። ትርፍ ያለበት መስመር ላይ ድርጅቶች ተሻሙ፤ ትርፍ የሌለበት መስመር ለአካባቢ አስተዳደር ድጎማ ተተወ። በተከታዮቹ አሠርት ዓመታት ከለንደን ውጭ ባሉት ትልልቅ ከተሞች የአውቶቡስ ተሳፋሪ እየቀነሰ ሲሄድ፣ መስመርና ሰዓት በአንድ መሥሪያ ቤት በሚወሰንባት ለንደን ግን በብዙ ጨመረ። ሌሎች ምክንያቶችም እንዳሉ አልክድም። ነገር ግን ታላቋ ማንቸስተር እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 እስከ ጥር 2025 ባለው ጊዜ አውቶቡሶቿን ደረጃ በደረጃ ወደ ሕዝብ ቁጥጥር የመለሰችው ያለ ምክንያት አይደለም። ድርጅቶቹ አሁንም ይነዳሉ፤ መስመሩን፣ ሰዓቱንና የቲኬቱን ዋጋ የሚወስነው ግን አካባቢውን የሚያስተዳድረው አካል ነው።

ስለዚህ ከሚመለከተው አካል የምጠይቀው አዲስ አውቶቡስ ተገዝቶ ሪባን እንዲቆረጥ አይደለም። ማታ ማታ መናኸሪያ ላይ የሚጠብቀው አውቶቡስ ዋናው መስመር እስኪገባ እስከ ስምንት ደቂቃ ድረስ እንዲቆይ ለስምሪት ሠራተኛው ሥልጣን ይሰጠው፤ ሾፌሩም ስለጠበቀ አይቀጣ። ሁለቱ ድርጅቶች የሚነጋገሩበት አንድ ስልክ ይኑራቸው። ሰሌዳው መንገዱ ዛሬ በሚፈጀው ጊዜ ታስቦ እንደገና ይውጣ። ከማንኛውም ስረዛ በፊት ደግሞ ስንት ቲኬት እንደተቆረጠ ብቻ ሳይሆን ሰው ስንት ደቂቃ እንደቆመና ስንት ሰው አውቶቡስ እንዳመለጠው ተለክቶ፣ ወረቀቱ እዚያው ፌርማታ ላይ፣ ከስረዛው ማስታወቂያ ጎን ይለጠፍልን።