እስከ አራት ሰዓት መድኃኒት፣ ከዚያ በኋላ ምች

የደብረ ማርቆስ ብርድ ከጥቅምት ጀምሮ ቀልድ አያውቅም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶች ሥጋ አምሯቸው ብቻ አይመስለኝም፤ በርዷቸው ነው። ዛሬ አጥንቱ ተወዶ ከአቅማችን በላይ ሆኗል። የቀረችን ፀሐይ ናት። እሷንም የምንሞቃት በአከራዬ ግድግዳ ሥር ነው።

ግድግዳው የጭቃ ነው፤ ፊቱ ወደ ምሥራቅ። ጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ የጣሪያውን ቆርቆሮ ትነካለች። ከዚያ ቀስ እያለች ግድግዳውን ትወርዳለች። እኛ ደግሞ ጋቢያችንን እስከ አፍንጫችን ስበን፣ ደመወዝ እንደሚጠብቅ ሰው ቁልቁል ስትመጣ እናያታለን። ቦታው የተደለደለ ነው። መሪጌታው መሃል ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ጡረተኛው አሥር አለቃ ጫፍ ላይ ናቸው፤ መንገዱን ለመቆጣጠር ይመቻቸዋል። እማማ፣ አከራዬ፣ በርጩማቸው ላይ ሆነው ያሰጡትን ብቅል ከዶሮ ይጠብቃሉ። እኔ ተከራይ ስለሆንኩ የተገለበጠ ጀሪካን ደርሶኛል። ስንቀሳቀስ ይንጣጣል። ሁሉም ዞር ብሎ ያየኛል።

«ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው» የሚባለው አነጋገር የተፈጠረው እዚህ ግድግዳ ሥር ነው ብዬ ብምል ኃጢአት አይሆንብኝም። ማታ በጆሮ የተነገረ ሁሉ ጠዋት እዚህ ይሰጣል። የማን ልጅ ለማን እንደታጨች፣ ማን ዕቁብ በልቶ እንደጠፋ፣ የማን ላም ያለ ወሯ እንደወለደች። ሦስት ሰዓት ላይ እንደ ብቅሉ ደርቆ ለወፍጮ ይደርሳል።

የዚህ ሸንጎ ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ ብቻ አለው። ያረቀቁት እማማ ናቸው። እስከ አራት ሰዓት ያለችው ፀሐይ መድኃኒት ናት። ከአራት ሰዓት በኋላ ያለችው ምች ናት። አለቀ።

በአንዲት ደቂቃ ውስጥ እንዴት ጠባይዋን እንደምትለውጥ ጠይቄ አውቃለሁ። «የቀትር ጋኔን የሚለውን ዳዊት አልደገምክም?» ብለው መሪጌታውን ለምስክርነት ጠሩብኝ። መሪጌታው ቀትር ስድስት ሰዓት መሆኑን ያውቃሉ። ግን ከእማማ ጠላ የሚጠጣ ሰው በሁለት ሰዓት ልዩነት አይከራከርም። ራሳቸውን ነቀነቁ።

አንድ ቀን አምስት ሰዓት ላይ ባዶ ራሴን ገበያ ወጣሁ። በነጋታው ከንፈሬ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጣ። እማማ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ጓሮ ሄደው ዳማከሴ ቀጠፉ፣ በመዳፋቸው አሽተው ጭማቂውን ቡና ውስጥ ጠብ አደረጉልኝ። «ኧረግ! አላልኩህም?» ሐኪሞች ይህን ቁስል ሄርፐስ የሚባል ቫይረስ ያመጣዋል ይላሉ። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይተኛል። ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዷ ታዲያ ኃይለኛ ፀሐይ ናት። ይህን ለእማማ አልነገርኳቸውም። ግማሹን ልክ ናቸው ብላቸው ሙሉውን ይወስዱታል።

አምና ኅዳር ላይ ወገቤን ያመኝ ጀመር። ሐኪም ቤት ሄድኩ፣ ደም ሰጠሁ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና «ቫይታሚን ዲህ ዝቅ ብሏል። ፀሐይ ታገኛለህ?» አለኝ።

«ዶክተር፣ የምኖረው እኮ ጎጃም ነው!»

አልሳቀም። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ይህችን አገር «የ13 ወር ፀሐይ» ብለው ለዓለም አስተዋወቁ። እኔ ዜጋው ደግሞ ፋርማሲ ተሰልፌ የፀሐይ ጠብታ በትንሽ ጠርሙስ ገዝቼ ገባሁ። ቱሪስት ቢያየኝ ገንዘቤን መልሱ ይላል።

ጥፋቱ የኔ ኖሯል። ቫይታሚኑን የሚሠራው ቆዳ ነው፤ የሚሠራውም አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው ጨረር ሲያርፍበት ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ብርሃኗ ረጅም የአየር መንገድ ስለሚያቋርጥ ይህ ጨረር አብዛኛው መንገድ ላይ ይቀራል። የመስኮት መስታወትም አያሳልፈውም። ስለዚህ ቢሮዬ ውስጥ መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ «ፀሐይ እየሞቅኩ ነው» ያልኩት ሁሉ ከንቱ ነበር። ልብስማ ጭራሽ ነው። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ስሞቅ የኖርኩት ጋቢዬን ለማከም ኖሯል። ጋቢዬ በጣም ጤነኛ ነው።

እዚህ ላይ የጎጃም ገበሬ ይቅርታ ሊጠየቅ ይገባዋል። በቁምጣው ስንት ተቀለደበት! ተማርን ያልነው ሱሪያችንን እስከ ቁርጭምጭሚት አስረዝመን ስናሾፍ እሱ ባቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ያርስ ነበር። አሁን ሐኪሙ «ክንድህንና እግርህን አጋልጥ» ብሎ በወረቀት ጻፈልኝ። ጥቁር ቆዳ ደግሞ ከነጭ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ቁምጣ በሐኪም ትእዛዝ!

ሰዓቱን ስጠይቀው ሐኪሙ ሰዓት አልነገረኝም። «ጥላህን እይ። ጥላህ ከቁመትህ ካጠረ ቆዳህ ሥራ ጀምሯል። ከረዘመ ግን ሙቀት ነው የምታገኘው» አለኝ።

ይህን ይዤ ግድግዳው ሥር ደረስኩ። አሥር አለቃው ጥላ የሚለካ ሐኪም ሰምተው አያውቁም። መሪጌታው ግን ተቆጡ። «ጥላ መለካት የኛ ነው! በዐቢይ ጾም ቅዳሴ የሚገባበትን ሰዓት ድሮ በምን የምናውቅ ይመስልሃል?» ብለው ብድግ አሉ። ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ጥላቸው የሚያልቅበት ላይ ጠጠር አስቀመጥኩ። ከቆሙበት ጀምረው ተረከዝ ከጣት እያገጠሙ ወደ ጠጠሩ ሄዱ። «አሥር ጫማ» አሉ። ሦስት ሰዓት ነበር። የሰው ቁመት በራሱ ጫማ ስድስት ተኩል ገደማ ነው። «እንግዲህ ስድስት ተኩል እስኪሆን እንጠብቅ።»

ጠበቅን። ዶሮዎቹ ብቅሉን ሁለት ጊዜ ደፈሩት፤ ማንም አላያቸውም። መሪጌታው በየሩብ ሰዓቱ እየተነሱ ይለካሉ። ዘጠኝ። ስምንት። ሰባት። ስድስት ተኩል ሲሉ አሥር አለቃው ሰዓታቸውን አዩ።

አራት ሰዓት።

መድኃኒቱ የሚጀምረው ምች በሚጀምርበት ደቂቃ ኖሯል። ሁሉም እማማን አየ። እማማ ጥቂት ዝም አሉና «ይሄ ሐኪም አሳዳጊ የለውም?» አሉ። ከዚያ በርጩማቸውን አንስተው እንደ ሁልጊዜው ገቡ።

እውነቱን ለመናገር የጠዋቷም ፀሐይ ሥራ ፈት አይደለችም። የጠዋት ብርሃን ዓይናችን ሲገባ የሰውነታችን ሰዓት ይሞላል። የእንቅልፉ ሆርሞን፣ ሜላቶኒን የሚሉት፣ ጠዋት ገብቶ ማታ በሰዓቱ ይመለሳል። ይህን ለማመን መጽሐፍ አያስፈልገኝም፤ አሥር አለቃውን አይቻለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ከጮቄ ወርዶ ከተማዋ ላይ ሲተኛ ሌሊት አይተኙም። ቀን ከሁሉም ጋር ይጣላሉ። አንድ ክረምት ከራሳቸው ውሻ ጋር ተኳርፈው ነበር። መስከረም ብራ ሲሆን ደግሞ እኔን ጀሪካኔ ላይ ሳለሁ ትከሻዬን መታ አድርገው «እንዴት ሰነበትክ ልጄ?» ይሉኛል። ክረምቱን ሙሉ አብረን ነበርን እኮ።

ዘንድሮ ደግሞ የእማማ የእህት ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ። የሆነ ሥልጠና ወስዷል። ጠዋት ጠዋት እኛ ከመውጣታችን በፊት ግቢው መሃል ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ሳይጨፍን ወደምትወጣዋ ፀሐይ ያፈጣል። «ኢነርጂ እየወሰድኩ ነው» ይላል። ጥንታዊ ግብፆች «ራ» ብለው ያመልኳት እንደነበር፣ ነፍስ እንደምታክም አስረዳን። መሪጌታው በትዕግሥት ሰሙት።

«ልጄ፣ እኛም ወደ ምሥራቅ ዞረን ነው የምንጸልየው። ጌታንም ፀሐየ ጽድቅ እንለዋለን። አንተ ግን የምትጸልየው ወደ እሷ ነው ወይስ ለእሷ?»

ልጁ ልዩነቱ አልገባውም።

«ብርሃን የተፈጠረው እሑድ ነው። ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ። ሦስት ቀን ሙሉ ያለ እሷ ነግቷል፣ መሽቷል። ሠራተኛ ናት። ሠራተኛ ይመሰገናል እንጂ አይሰገድለትም።»

«ለካ ረቡዕ ነው የተፈጠረችው» አሉ አሥር አለቃው። «የጾም ቀን ነዋ! እንዲህ የሚያፋጃት ርሃብ ነው።»

መሪጌታው አልሳቁም። እንኳን ይህ ልጅ፣ የአክሱም ነገሥታትም ገንዘባቸው ላይ ግማሽ ጨረቃና ክብ ያትሙ ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል ነው በመስቀል የተካው። ልጁ እንደ ዒዛና ቶሎ አልተመለሰም። እሱን የመለሰው ዓይኑ ነው። በሳምንቱ «ከማየው ነገር መሃል ላይ ጥቁር ነጥብ ይታየኝ ጀመር» አለ። ፀሐይን ትኩር ብሎ ማየት የዓይንን የውስጥ ግድግዳ ያቃጥላል፤ ያ ቦታ ሕመም ስለማይሰማው ሰውየው የሚያውቀው ከተቃጠለ በኋላ ነው። አሥር አለቃውም ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆና የታየችውን ግርዶሽ ከዚሁ ግቢ ያዩት በጉልበታቸው ራጅ ነው። ራጅ እንደማያድን የሰሙት ኋላ ነው። የተረፉት ጉልበታቸው ወፍራም ሆኖ ይሆናል።

ዋናው መከራችን ግን ከመንገዱ ማዶ መጣ። ጂ ፕላስ ሦስት ሕንፃ ይሠራ ጀመር። የመጀመሪያው ወለል ሲቆም ፀሐያችን ትንሽ ዘገየች፤ ብርድ ነው ብለን አለፍነው። ሁለተኛው ሲቆም ሦስት ሰዓት ሆነ። ሸንጎው ጥላ ውስጥ ተሰብስቦ ወሬው ሳይሞቅ ይወጣ ጀመር። እማማ «ፀሐይም በካርታ ሆነ?» አሉ። አሥር አለቃው ቀበሌ ሄደው አመለከቱ። የፀሐይ ይዞታ የሚሞላበት ፎርም የለም ተባሉ።

ሦስተኛው ወለል ጣሪያ ለበሰ። በነጋታው ኅዳር አጋማሽ ነበር። ተቀምጠን ጠበቅን። ሦስት ሰዓት፤ ጥላ። ሦስት ተኩል፤ ጥላ። ብቅሉ እንደረጠበ ነው። መሪጌታው የሚለኩት ጥላ የላቸውም፤ ግቢው ሁሉ የሕንፃው ጥላ ነው። ከዚያ ቆርቆሮው ብልጭ አለ። ብርሃኑ ግድግዳውን ወረደ፣ የመሪጌታውን ቆብ ነካ፣ የኔን ጀሪካን ነካ፣ የእማማ እግር ሥር ደረሰ።

«አራት ሰዓት» አሉ አሥር አለቃው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ማንም አልተነቃነቀም። እማማ ብቅሉን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ፣ አሥር አለቃውን አዩ።

«ያ ሰዓትህ ይቀድማል» አሉ፣ በርጩማቸውን ወደ ብርሃኑ እየሳቡ።